ቀድሞ የመታው

እማማ ወለል የልጃቸውን ሞት ለሁለተኛ ጊዜ የሰሙት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ክፍል ቁጥር ስድስት በር ላይ ጎንበስ ብለው መወልወያቸውን ሲጨምቁ ነው። ቀኑ ወበቅ ስለነበር መምህሩ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶታል። ድምፁ ጥርት ያለና የማይቸኩል ነው፤ ዳቦ እየቆረሰ ለእያንዳንዱ እንደሚያድል ሰው ነው የሚናገረው። «አንድ ፀጉር ቤት አስቡ» አለ። «ሁለት ወንድማማቾች የሚሠሩበት ጠባብ ቤት ነው። ከሰዓት በኋላ አንድ ደንበኛ ይገባል። ተራው የኔ ነው፣ ያንተ አይደለም የሚል ጭቅጭቅ ይነሳል። ታናሽየው ወንድም እጁን ይሰነዝርና ደንበኛውን በጥፊ ይመታዋል። ደንበኛው ደግሞ መስታወቱ ሥር የተቀመጠውን መቀስ አንስቶ አንገቱን ይወጋዋል። ታናሽየው ሆስፒታል ሳይደርስ ይሞታል። አሁን ንገሩኝ፤ ይህን ነገር ማን ጀመረው?»

ክፍሉ ጉምጉም አለ። ከኋላ ወንበር አንዱ ወጣት «ሟቹ ራሱ ነዋ! እጁ ነው ያስበላው» ሲል ሳቅ ሆነ። መምህሩ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። «በወንጀል ጥናት ውስጥ ይህ የራሱ ስም አለው» ብሎ ወደ ሰሌዳው ዞረ። ጠመኔው ሲንጫረር ከውጭ ይሰማል። «ተጎጂው ራሱ የቀሰቀሰው ወንጀል» እያለ፣ እያነበበ ጻፈው።

እንዲህ ያለ ጊዜ የሰው እጅ የያዘውን ይለቃል ይባላል። የእማማ ወለል እጅ ግን ይበልጥ ጨበጠ። መወልወያውን ጨመቁት፣ ደግመው ጨመቁት፣ ጠብታ ውሃ እስኪያጣ ድረስ ጨመቁት። የሰፈር ስም አልተጠራም፣ የሰው ስም አልተጠራም። ይሁን እንጂ ተራ፣ መቀስና ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ከተማ ውስጥ ስንት ጊዜ ይገናኛሉ?

ኮሌጁ ውስጥ የእናት አባት ስማቸውን የምታውቀው ደመወዝ ከፋይዋ ብቻ ናት። ተማሪ እርጥብ ወለል ላይ በተራመደ ቁጥር «ወለል! ወለል!» እያሉ ስለሚጮሁ እማማ ወለል ሆነው ቀሩ። ይህን ኮሪደር አስራ አንድ ዓመት ሲያጥቡ፣ የወንጀል ጥናት መግቢያ የሚባለውን ትምህርት ከየዓመቱ ተማሪ ጋር ከበር ውጭ ሆነው ተምረውታል። ባለፈው ዓመት ጡረታ የወጣው ሽማግሌ አስተማሪ በየዓመቱ፣ በዚያው ሳምንት፣ ያንኑ ነገር ነበር የሚናገረው። መጀመሪያ ወንጀለኛ በመንጋጋውና በግንባሩ ይታወቃል ስላለ አንድ የጥንት ሐኪም ያወራል፤ እማማ ወለል የኮሌጁ ዲን መንጋጋ ትዝ እያላቸው ለብቻቸው ይስቃሉ። ቀጥሎ ሰው ወንጀል የሚሠራው ጥቅሙንና ጉዳቱን መዝኖ ነው የሚለው ይመጣል፤ «ደሙ ሲፈላ ማን ሚዛን ያነሳል» ይላሉ በሆዳቸው። ወንጀል ከባልንጀራ የሚቀሰም ነው የሚለውን የሰሙ ቀን ደግሞ በር ላይ ላለው ጥበቃ «ይሄንንማ እናቴም ኮሌጅ ሳትገባ ታውቀው ነበር፤ ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ» ብለውት፣ ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሲስቅ ዋለ። ሌባ ሌባ የተባለ ሌባ ሆኖ ይቀራል የሚለውን ትምህርት ይወዱታል። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ነው ነገሩ። ስለ ተጎጂው ግን ሽማግሌው አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም። የዘንድሮው መምህር ገና ወጣት ነው፤ ትምህርቱንም ምሳሌውንም ይዞ የመጣው እሱ ነው።

ታናሽ ልጃቸውን ሰፈሩ «ሐር» ነበር የሚለው፤ እጁ ስለሚለሰልስ ነው። ሌላ ፀጉር ቤት እሪ የሚል ሕፃን እሱ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንቅልፍ ይወስደዋል። መልአክ ነበር ለማለት አይደለም። ጠዋት ካልተጎተተ አይነሳም፣ ተደብቆ ያጨሳል፣ ሲጠየቅ ዓይኑን ሳያሽ ይዋሻል። መምታት ግን አያውቅበትም። ልጅ ሆኖ የሰፈር ልጆች አፍንጫውን አድምተውት ሲመጣ «አንተ እጅ የለህም?» ብለው ይቆጡት የነበሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ሲሞት ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። እሳቸው ያኔ ሦስት ወር ሙሉ ከአልጋ አልተነሱም፤ ወዳጅ ዘመዱም ቁስልሽን አትነካኪ ብሎ ከልክሏቸው ፍርድ ቤት ደጃፍ አልደረሱም። ሁሉን የጨረሰው ታላቅየው ልጃቸው ነው። አንድ ቀን መጣና «ተፈረደበት» አላቸው። ስንት ዓመት ብለው አልጠየቁም፤ እሱም አልነገራቸውም።

ክፍሉ ሲበተን ባልዲያቸውን ይዘው መምህሩን ተከተሉት። ቢሮው ሦስት ጠረጴዛ የተፋፈገበት፣ ማራገቢያው ቆሞ የቀረ፣ የቀዘቀዘ ሻይ የሚሸት ክፍል ነው። ሌሎቹ ሁለቱ መምህራን አልነበሩም።

«ይግቡ እማማ» አለ ቀና ብሎ። «ጠዋት ወልውለውት የለም እንዴ? ገና ንጹሕ ነው እኮ።»

«ለወለሉ አይደለም መምህር። ያ ጠዋት የተናገሩት… የፀጉር ቤቱ ነገር። ከየት አገኙት?»

መምህሩ ደስ አለው። ጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ ሳይቀሩ የሚያዳምጡት ትምህርት መስጠቱ ያኮራው መሰለ። «እውነተኛ ታሪክ ነው» አለ፤ «ከፍርድ ቤት መዝገብ ነው ያወጣሁት። ተማሪ የመጽሐፍ ምሳሌ ይሰለቸዋል።»

«ሟቹ ልጄ ነው» አሉ።

መምህሩ ከመቀመጫው ተነሳ። በሩን ዘጋ፣ ወንበር ሳበላቸው፣ ሻዩን ወዲያ ገፋ። «ስም አልጠራሁም እማማ» አለ በመጨረሻ። «ባውቅ ኖሮ…»

«አልተቀየምኩዎትም። ግን የተሳሳተ ነገር ተጽፏል። ልጄ አይማታም። ያርሙት።»

መምህሩ ከመሳቢያው የታሰረ ወረቀት አወጣ። ከራሱ አንድ ቃል እንዳልጨመረ ሊያስረዳቸው ፈለገ፤ በጣቱ እየተከተለ ገዳዩ ሟቹ ቀድሞ በጥፊ መታኝ ማለቱን አነበበላቸው። «እሱማ ሌላ ምን ይበል!» አሉ እማማ ወለል። እሱ ብቻ ቢሆን ፍርድ ቤቱ እንደማይቀበለው፣ ምስክር እንዳለ ነገራቸው።

«የምን ምስክር? ቤቱ ውስጥ እኮ ሌላ ሰው አልነበረም። እነሱ ሁለቱና ያ ሰው…» ብለው ጀምረው እዚያው ላይ አቆሙ።

መምህሩ ቀና ብሎ አላያቸውም። «የዐቃቤ ሕግ አንደኛ ምስክር፣ የሟች ታላቅ ወንድም» ብሎ አነበበ፤ ድምፁ እንደ ጠዋቱ አልጠራም። «በተራ ሲጨቃጨቁ ወንድሜ ቀድሞ መታው ብሏል። ቅጣቱም በዚሁ ምክንያት ወደ ስድስት ዓመት ዝቅ ተደርጓል።»

ስድስት። ሁለቱ አልፈዋል ማለት ነው። እማማ ወለል የባልዲውን ጆሮ ይዘው ተቀመጡ። መምህሩ ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይህንኑ ትምህርት ለማታ ተማሪዎች እንደሚደግመው፣ ከፈለጉ ምሳሌውን ጨርሶ እንደሚያወጣው ነገራቸው። «ስህተት አለው የሚሉ ከሆነ ግን ስህተቱን ይንገሩኝ» አለ።

«አያውጡት» አሉ ተነስተው። «እስከዚያ መጥቼ እነግርዎታለሁ።»

ታላቅየው ልጃቸው፣ ወንድሙ የሞተ ሰሞን፣ «ከእንግዲህ መቀስ አልይዝም» ብሎ ፀጉር ቤቱን ዘግቶ፣ አውቶቡስ ተራው ጀርባ ካለ ጎማ ቤት ተቀጥሯል። በየእሁዱ እናቱን ለመጠየቅ ይመጣል። ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ፣ እንደሚሄድ ሰው ጠርዙ ላይ ይቀመጣል። ጤናሽ እንዴት ነው ይላል፣ ደህና ነኝ፣ ልጁስ ይሉታል፣ አደገ ይላል። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ራዲዮኑን ያዳምጣሉ። ሻዩን ገሚሱን ትቶት ይሄዳል። እማማ ወለል ይህን ሁሉ ሐዘን ነው ይሉት ነበር፤ ሐዘን ዲዳ ያደርጋል፣ አንዱን ያስለፈልፋል አንዱን ይለጉማል ብለው፣ የተረፈውን ሻይ ራሳቸው ጠጥተው ብርጭቆውን ያጥቡታል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር።

የምሳ ሰዓታቸውን ይዘው በእግራቸው ሄዱ። ጎማ ቤቱ ግድግዳው በቆርቆሮ፣ መሬቱ በጥቁር ዘይት የተለበጠ ነው። ልጃቸው ቁጢጥ ብሎ፣ የተነፋ የውስጥ ጎማ ውሃ በሞላ በርሜል ግማሽ ውስጥ እየደፈቀ የተበሳውን ቦታ ይፈልጋል። ሲያያቸው ደነገጠ።

«እማ! ምን ሆነሽ ነው በሥራ ቀን?»

የተደረደሩ አሮጌ ጎማዎች ላይ ተቀመጡ። በመንገዳቸው ሁሉ ሌላ አጀማመር ሲያሰላስሉ ነበር የመጡት፤ ፊቱን ሲያዩ ጠፋባቸው። «ፍርድ ቤት ምን ብለህ መሰከርክ?» አሉት።

እጁ ከውሃው አልወጣም። ጎማውን ማዞሩንም አላቆመም። ከአንዱ ጎን ትንንሽ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ጀመረ፤ የሚፈልገው እሱን ነበር፣ ግን አለፈው። ደግሞ ዞሮ መጣ፣ ደግሞ አለፈው። ባለመኪናው ውጭ ጥላ ሥር ስልክ ያወራል። ከዚያ ልጃቸው እጁን አወጣና በጉልበቱ ላይ ጠረገው።

«እኔ ነኝ የመታሁት፣ እማ» አለ። «ተራ ይዞ ሻይ ሊጠጣ የወጣ ደንበኛ ነበር። ሰውየው ተራዬ ነው አለ፤ አይደለም አልኩት። ይቺ የአይጥ ጉድጓድ ደግሞ ተራ አላት ብሎ ሳቀብኝ። ጠዋት ከባለቤቴ ጋር ተጣልቼ ነበር የወጣሁት፤ ሆዴ ሞልቶ ነበር። በጥፊ አልኩት። ሐር እዚያ ጥግ ፀጉር እየጠረገ ነበር፤ መጥረጊያውን ጥሎ መሃል ገባ። ፊቱን ወደኔ አዙሮ ተው፣ ተው፣ ይቅርታ በለው አለኝ። ጀርባውን ለሰውየው ሰጥቶ እኮ ነው እማ። ሰውየው መቀሱን ሲያነሳ እኔ ከሐር ትከሻ በላይ አይቼዋለሁ። ለኔ ነበር የሰነዘረው።»

«ታዲያ ለምን…» አሉ።

«መርማሪው ማን ቀድሞ መታ ሲለኝ ወንድሜ አልኩ። አስቤው አይደለም። ባለቤቴ ያኔ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ አንተ የጫርከው ጠብ ነው ወንድምህን የገደለው ብለው የሚያስሩኝ መሰለኝ። ከአፌ ወጣ። ከወጣ በኋላ ደግሞ ፈረምኩበት። ሰውየውም መጀመሪያ የመታኝ ታላቅየው ነው ብሎ ነበር አሉ፤ በኋላ ጠበቃው ምን እንደመከረው እንጃ፣ እሱም ሟቹ ነው አለ። ሟቹ ከሆነ የጀመረው ቅጣቱ ይቀልለታላ!»

ነገሩ ይኸው ነው። በሕይወት የተረፉት ሁለቱ በሟቹ ላይ ተስማሙ፤ ሟች ደግሞ ይግባኝ አይል።

«በየእሁዱ ልነግርሽ እመጣለሁ» አለ ልጃቸው። «እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ አንደበቴ ይያዛል። አሁን ምን ላድርግ እማ? ሂድ ካልሽኝ ጣቢያ እሄዳለሁ። ተወው ካልሽኝ እተወዋለሁ። ብቻ የሆነ ነገር በይኝ።»

እማማ ወለል አዩት። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል፤ ፊቱ ላይ ጥቁር የጎማ ቅባት አለ። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አማራቸው። ፊቱን በጥፊ ማጮልና ያንኑ ፊት በሻርፓቸው ጠርገው ጉያቸው ውስጥ መክተት። እጃቸው ለሁለቱም ተነሳና ለሁለቱም አልሆነ። ባለመኪናው ስልኩን ዘግቶ «ኧረ ጎማው ደረሰ ወይ?» እያለ ሲመጣ ተነሱ፤ ሻርፓቸውን አጥብቀው ታጠቁና መንገድ ገቡ። ከኋላቸው «እማ!» ሲል ሰሙት። ደግሞ «እማ!» አለ። እንባቸውን እንዳያይ ብለው ነው ያልዞሩት። እሱ ያየው ግን ጀርባቸውን ብቻ ነው።

ወደ ኮሌጁ ሲመለሱ እግራቸው ራሱ ሁለት ዓመት ያልሄዱበትን መንገድ ያዘ። ፀጉር ቤቱ የስልክ ልባስ መሸጫ ሆኗል። ያ ትልቅ መስታወት አሁንም አለ፤ በላዩ ላይ ቀይና ሰማያዊ ልባሶች ተንጠልጥለውበት በመሃል በመሃል የሰው ፊት በቁራጭ በቁራጭ ያሳያል። ሻጯ ልጅ «ምን ልርዳዎት እማማ?» አለቻቸው። «ምንም ልጄ፣ አላፊ ነኝ» አሏት። መሬቱን አዩ። አዲስ ሴራሚክ ተነጥፎበታል፤ የሚታይ ነገር የለም።

መድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ያለች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነገሩን አገላበጡት። ሰው ሁሉ የሞተ ተጎዳ ይላል። ሐር ሞቶ ብቻ ቢቀር አንድ ነገር ነው፤ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ተማሪ እጁ ነው ያስበላው እያለ እየሳቀበት፣ ለዘንድሮም ለከርሞም ተማሪ ጠበኛ ሆኖ ሊማሩት ነው። ስሙን ላጥራ ቢሉ ደግሞ የተረፈውን አንድ ልጃቸውን በገዛ እጃቸው ለፖሊስ አሳልፈው መስጠታቸው ነው። በሐሰት መስክሯል፤ ይታሰራል። ያቺ ምራታቸው ልጇን ይዛ ምን ትሆናለች? ወንድሙን ያስበላ ነው ብለው ደግሞ ሊቀየሙት ይሞክራሉ፤ ከዚያ ሐር ፊቱን ወደ ወንድሙ አዙሮ ተው ሲል ይታያቸዋል። ለሰውየው አይደለም ጀርባውን የሰጠው፣ ለወንድሙ ነው ፊቱን የሰጠው። የመጨረሻ ያየው ሰው እሱ ነው። እንዲህ እያሉ ፀሐይዋ ከድንጋዩ ላይ ዞረችባቸው።

መምህሩን ያገኙት አስር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ለማታ ተማሪዎች የሚያድለውን ወረቀት ሲቆጥር ነው። ሲያያቸው ቆጠራውን ተወው።

«ስህተት አለው?»

«አለው። ልጄ አልመታም።»

«ታዲያ ማን…»

«እሱን አልነግርዎትም» አሉ።

መዝገቡን ላነበበ ሰው ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰው ነበር፤ አንዱ ወጋ፣ አንዱ ሞተ፣ አንዱ መሰከረ። መምህሩ ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ። «እማማ፣ እኔ ዳኛ አይደለሁም፤ ከዚህ ክፍል የሚወጣ ነገር የለም» አለ። «ግን መዝገቡ የማይለውን ብዬ ላስተምር አልችልም።»

«የማይለውን አይበሉ። አይታወቅም ይበሉ። ማን ቀድሞ እንደመታ አይታወቅም ይበሉ፤ በቃ። ይሄ ውሸት ነው?»

መምህሩ ወረቀቱን ሰብስቦ ያዘ። «ለኔ ውሸት አይደለም» አለ።

የማታ ተማሪዎች ሥራ ውለው የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ነርሷ ከነነጭ ጫማዋ፣ ባለ ሱቁ ከነቁልፉ ዘለላ፣ ሁለት ፖሊሶች ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። እማማ ወለል ኮሪደሩ መስኮት ላይ ጨርቅ እያንሸራሸሩ ቆሙ። መምህሩ ፀጉር ቤቱን፣ ተራውን፣ መቀሱን አወራ። «ጥፊ ተሰንዝሯል» አለ፤ «ማን ቀድሞ እንደመታ ግን አይታወቅም።»

«መምህር፣ ካልታወቀ ታዲያ የምን ምሳሌ ነው?» አለች ነርሷ።

መምህሩ ጠመኔውን በሁለት ጣቱ አሽከረከረ። «ልክ ነሽ» አለ። «ተጎጂው ራሱ ቀሰቀሰው የሚለውን ሐሳብ ያመጡት ሰዎች ፖሊስ የጻፈውን መዝገብ ይዘው ነው የተነሱት። የሞተ ሰው ደግሞ ቃሉን አይሰጥም። ማን እንደጀመረ ሁልጊዜ የሚነግረን በሕይወት የተረፈው ነው። ይህን ጻፉት፤ ፈተና ላይ ይመጣል።» ከዚያ ጠዋት የጻፈውን፣ ማንም ያላጠፋውን ሐረግ በመዳፉ አሽቶ አጠፋው።

እማማ ወለል ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣሉት። ደረታቸው ላይ ተቀምጦ የዋለ ነገር ትንሽ ፈቀቅ አለ። ቁልፋቸውን ለጥበቃው ሰጥተው ሲወጡ ጥበቃው «ዛሬ ምን አስተማሩን እማማ?» ብሎ እንደ ልማዱ ቀለደ። «ነገ እነግርሃለሁ» አሉት። ነገሩን ቆርጠዋል። ለልጃቸው ደውለው ከነሚስቱ ይጠሩታል፣ ሾርባ ይሠራሉ፣ ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር አስነስተው ወደ ውስጥ ያስቀምጡታል። ተወው ይሉታል። ልጄን ከጠበኛነት አውጥቼዋለሁ፣ አንተን ደግሞ ለማንም አልሰጥም፣ ጨርሼዋለሁ፣ ተወው ይሉታል። ከማዕዘኑ ዳቦ ቤት አራት ዳቦ ገዙ። ሁልጊዜ ሁለት ነበር የሚገዙት፤ ሻጩ «እንግዳ አለ?» አላቸው፤ «አዎ፣ የቤት እንግዳ» አሉት።

ቤታቸው ሲደርሱ ምራታቸው ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ልጇ ጉልበቷ ላይ ተኝቷል። ዓይኗ አብጧል።

«የት ቆዩ እማማ? ከአስር ሰዓት ጀምሮ እዚህ ነኝ።»

«ባልሽስ?»

«እሱን ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አለች። «ስምንት ሰዓት አካባቢ ቤት መጣ። እጁን በሳሙና ሲያጥብ፣ ሲያጥብ… ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ። ልጁን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ሳመው። ጣቢያ መሄዴ ነው፣ በፊት የሰጠሁትን ቃል ላስተካክል ነው አለኝ። የምን ቃል ስለው፣ እማ ነግራኛለች፣ እሷ ካለችው ወዲያ የሚባል ነገር የለም ብሎኝ ወጣ። ምን ብለውት ነው እማማ?»

«ምንም አላልኩትም» አሉ።

«ምንም?»

«ምንም።»

ምራታቸው ያላመነቻቸው መሰለች። ከዚያ ፊታቸውን አየችና አመነቻቸው፤ ማመኗ ይበልጥ አስፈራት። እማማ ወለል በሩን ከፍተው ገቡ። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ ደግሞ አነሱት፣ ሁለቱን በጋዜጣ ጠቀለሉ። ከአልጋቸው ላይ ወፍራሙን ብርድ ልብስ አንስተው አጠፉት። የጣቢያ ወለል ይበርዳል። ምራታቸው ጣቢያው የት እንደሆነ እንኳ እንደማታውቅ ነገረቻቸው። «እኔ አውቀዋለሁ» አሏት። ያኔ ከአልጋ በተነሱ በሳምንቱ የሐርን ሰዓትና ጫማ ፈርመው የተቀበሉት እዚያ ነው። ልጁን አሳዝለዋት ከፊት ከፊቷ ሄዱ። የመንገድ መብራት ገና አልበራም።

ተረኛው ፖሊስ ከጠረጴዛው ኋላ ሆኖ ዓይኑን ከመዝገቡ ሳያነሳ ለማን እንደመጡ ጠየቃቸው። የመጡለትን ሰው ነገሩት። «ከሰዓት በኋላ በገዛ እግሩ የመጣው ነው?» አለ። «የፀጉር ቤቱን ጉዳይ የሚለው? አዎ፣ መርማሪው ጋ ገብቷል። ገና ቃሉን እየሰጠ ነው።» ገጹን ገለጠና እስክሪብቶውን አዘጋጀ። «ልመዝግብዎት። የሟች ወገን ነዎት ወይስ የሱ?»

«እናት ነኝ» አሉ።

«የማን?»

«የሁለቱም።»

ፖሊሱ ያን ጊዜ ነው ቀና ያለው። ሴትየዋን አየ፣ ብርድ ልብሱን አየ፣ ከኋላ ልጅ አዝላ የቆመችውን አየ። ምንም ሳይጽፍ ከጠረጴዛው ዞሮ ወጣና የራሱን ወንበር አመጣላቸው።

«አንድ ቃል ብቻ ነው የምነግረው» አሉት እማማ ወለል። «አንድ ቃል። ቀን ጎማ ቤት መንገር ሲገባኝ ያልነገርኩት ነው። ያስገቡኝና ልውጣ።»

«አይቻልም እማማ። ቃሉን ሳይጨርስና ሳይፈርም ማንም አይገባም።»

«መቼ ይፈርማል?»

ፖሊሱ ወደ ተዘጋው በር ዞር ብሎ አየ። «ሳይፈርም አልቀረም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

እማማ ወለል ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ብርድ ልብሱን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠርዙን ማስተካከል ጀመሩ።